ከወለሉ ሥር ያለው አሸዋ

በእስራኤሏ አሽዶድ አሮጌ ሰፈሮች የአፓርትመንት ወለል ስታነሣ መጀመሪያ የምታገኘው አሸዋ ነው። ሃያ በሃያ ሳንቲ የሆነው የቴራዞ ንጣፍ አርማታው ላይ በቀጥታ አልተለጠፈም፤ መሀል ላይ አሸዋ ተነጥፎ፣ የውኃው ቧንቧ እዚያው ተቀብሮ ነው የተሠራው። የወላጆቼን መታጠቢያ ቤት ስናፈርስ ቧንቧው የት ጋ እንደሚያፈስ የነገረን የረጠበው አሸዋ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው "ማነው እንዲህ የሠራው?" እያለ ተበሳጨ።

የሠራው ችኮላ ነው። አሽዶድ በ1956 (እ.ኤ.አ.) አሸዋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ መጀመሪያ የሰፈሩባትም ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። በ1965 ወደቡ ሲከፈት ሠራተኛ ተፈለገ፤ ለሠራተኛው ደግሞ ቤት። መንግሥትም ሺኩን የሚባሉትን፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ ሕንፃዎች ደረደረ። ሰው ሁሉ ያማቸዋል። እኔ ንድፉን አላማም፤ የእኛ ቤት ጠባብ ይሁን እንጂ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ነፋስ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። በረንዳውን ዘግቶ ክፍል ያደረገውና ነፋሱን ያስቀረብን ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ነው።

የእኛ ሰው እዚህ የደረሰው ሕንፃዎቹ ካረጁ በኋላ ነው። ወላጆቼ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከተጫኑት 14 ሺህ ያህል የኢትዮጵያ አይሁዶች ጋር መጡ። ከዚያ የካራቫን፣ ማለትም የጊዜያዊ ተንቀሳቃሽ ቤቶች፣ ሰፈር፤ ከዚያ ደግሞ መንግሥት በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ ለመጡት የሰጠው ልዩ የቤት ብድር። ብድሩ ለጋስ ነበር፣ አይካድም። አቅሙ ግን ከአሮጌ ሺኩን እምብዛም አያልፍም ነበር። እናም የእኛ ደረጃ ላይ ከላይ እስከ ታች በጎንደር አማርኛ መጠራራት ተጀመረ።

ባሕሩን የሚያደንቀው እንግዳ ነው። ነፋሱ ይዞት የሚመጣው ጨው በአርማታው ቀዳዳ እየሰረገ ፌሮው ድረስ ይገባል፤ ፌሮው ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ዙሪያውን ይፈነቅለዋል። የወጥ ቤታችን ጣሪያ ልስኑ ሲረግፍ የታየው ፌሮ በጣት ሲነካ እንደ ቅርፊት ይላጥ ነበር። ግንበኛው በላዩ ላይ ልለስነው አለ። እምቢ አልኩ። ከፌሮው ጀርባ ድረስ ተፈልፍሎ፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ ነው መሞላት ያለበት። አለበለዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ነው።

ሊጠገን የማይችለው ግን ያልተሠራው ክፍል ነው። ሚሳይል የዘነበበት የ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ካለፈ በኋላ በአዳዲስ ቤቶች ማማድ፣ ማለትም በወፍራም አርማታ የተከበበ መጠለያ ክፍል፣ ግዴታ ሆነ። የእኛ ሕንፃ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ሮኬት አሽዶድ ሲደርስ፣ ሳይረን በጮኸ ቁጥር ወላጆቼ በ45 ሰከንድ ውስጥ ከጎረቤት ጋር ደረጃው ላይ ይሰበሰባሉ።

አሁን ሕንፃውን አፍርሶ ማማድ ያለው ረጅም ፎቅ የመሥራት ሐሳብ መጥቶ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። ታዲያ ለሚፈርስ ቤት ገንዘብ ምን አስወጣችሁ የሚለን አልጠፋም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ዓመታት ይፈጃል፤ የሚያፈስ ቧንቧ ደግሞ አይጠብቅም። እናቴ ፈርማለች። አባቴ ግን ግንባታው እስኪያልቅ የት እንደሚያስቀምጡን በጽሑፍ ይስጡኝ ብሏል፤ ካራቫንን አልረሳም።