ለእንግዳው ድንኳን፣ ለወጥ ቤቱ ላስቲክ

መቱም ሆነ ጎሬ፣ ሁሩሙም ሆነ በደሌ፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው የሚያየው ነገር ተመሳሳይ ነው። ከፊት ለፊት ትልቅ የእድር ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ እንግዳው በደረቅ ቦታ ተቀምጧል። ወደ ጓሮ ዞር ሲሉ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከቤቱ ክዳንና ከሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ጋር የታሰረ ሰማያዊ ላስቲክ፣ ከሥሩ ሦስት አራት ጉልቻ፣ በጭስ ዓይናቸው የቀላ ሴቶች፣ በእግራቸው መካከል የሚሄድ ጎርፍ። ድግሱን ድግስ የሚያደርገው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው። ድንኳን ሲገዛም ሆነ ሲከራይ ግን የሚታሰበው ለፊተኛው ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ኋለኛው፣ ማለትም ከቤት ውጭ ለሚበሰልበት ቦታ ስለሚሆን ተንቀሳቃሽ ድንኳን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ድንኳን የሚመርጥ ሰው ከዝናብ ይልቅ ስለ ፀሐይ ቢያስብ አይፈረድበትም። ኢሉባቦር ግን የተለየ አገር ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የመቱና የጎሬ አካባቢ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስቸግረው ደግሞ ርዝመቱ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የጥር ሠርግ ቢያመልጥም ከፋሲካ በኋላ የሚደገሰው አያመልጥም። የሙስሊሙ በዓል በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፤ አረፋ በ2016 ሰኔ 9፣ በ2017 ደግሞ ግንቦት 29 ነበር የዋለው፣ ሁለቱም በዝናብ ወራት። ለቅሶ ደግሞ ከማንም ጋር ቀጠሮ የለውም።

እዚህ ላይ የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው፣ ባለ ግዴታው በተለመደው ሁኔታ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። ምግብ ለማቅረብ ተዋውሎ በሐምሌ መቱ ላይ “ዝናብ አጠፋብኝ” የሚል ሰው በዚህ ቁጥር ይጠለላል ብዬ አላምንም። የሐምሌን ዝናብ አላሰብኩትም የሚል የመቱ ሰው የት ይገኛል?

ወደ ድንኳኑ እንመለስ። ምርጫው የሚጀምረው ከጣራው ቅርጽ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር፣ ማለትም አንድ ኪሎ ውኃ ነው። ሦስት በስድስት ሜትር የሆነ ድንኳን 18 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 360 ኪሎ ይሆናል፤ ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ነው። ጣራው ቀጥ ብሎ የተወጠረና ተዳፋት ያለው ከሆነ ይህ ሁሉ ውኃ ወርዶ ይሄዳል። ከረገበ ግን ሆድ ያወጣል፤ ሆድ ባወጣ ቁጥር ብዙ ይይዛል፤ በመጨረሻ ወይ ምሰሶው ይጎብጣል፣ ወይ አንዱ ልጅ በዱላ ገፋ ያደርገውና ውኃው በፈላ ዘይት ላይ ይገለበጣል። ዘይት ላይ ውኃ ሲገባ ምን እንደሚሆን የዶሮ ወጥ ቁሌት ያቁላላ ሁሉ ያውቃል፤ በትልቅ ብረት ድስት ሲሆን ደግሞ ሰው ያቃጥላል። ስለዚህ ሲገዙ ድንኳኑን አስተክለው ጣራውን በእጅዎ ይጫኑት። ማዕዘኖቹ መካከል እንደ አልጋ ልብስ የሚወዛወዝ ከሆነ ይለፉት።

ቀጥሎ ጨርቁ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው አራት ዓይነት ነው። የጥጥ ሸራ ሲረጥብ ክሩ ስለሚያብጥ ውኃ ይከላከላል፤ ፍንጣሪ ቢያርፍበት ይበሳል እንጂ ቀልጦ አይንጠባጠብም። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። በፕላስቲክ የተለበጠው ወፍራም ሸራ (ነጋዴዎቹ ፒቪሲ የሚሉት) ውኃ ጨርሶ አያስገባም፤ ቅባትና ጥቀርሻ በሳሙና ይለቅለታል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ከተቃጠለም የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። የፖሊስተሩ ጨርቅ በየባዛሩ ማስታወቂያ ተጽፎበት የምናየው የታጣፊ ድንኳን ልብስ ነው፤ ቀላልና ርካሽ ሲሆን 250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። ይህ ቁጥር ትልቅ ይመስላል፤ የእንጨት ነበልባል ግን ከዚያ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሞቃል። የመጨረሻው ጓሮ ውስጥ ያየነው ሰማያዊ ላስቲክ ነው። እሱ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይለሰልስና ይቀልጣል፤ ከፈላ ውኃ ብዙም አይርቅም። በነገራችን ላይ ከሰማያዊ ላስቲክ ሥር የወጥ መልክ አይለይም፤ ቀዩ ጥቁር ይመስላል። ለማብሰያ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ቀለም የሚመረጠው ለዚህ ነው።

እሳትን በተመለከተ ሁለት የሩቅ አገር ታሪኮች መጠቀስ አለባቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 1989 ዓ.ም. መካ አጠገብ በሚና የሐጅ ተጓዦች ድንኳኖች ላይ የተነሳው እሳት 343 ሰዎችን ገድሏል፤ ወደ 70,000 የሚጠጉ ድንኳኖችም ወድመዋል። መነሻው የማብሰያ ጋዝ እንደነበር ነው የተነገረው። ከዚያ በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚናን ድንኳኖች እሳት በሚቋቋም፣ ቴፍሎን በተለበጠ የመስታወት ክር ጨርቅ ተካቻቸው፤ በድንኳኖቹ ውስጥ በጋዝ ማብሰልም ተከለከለ። ሁለተኛው በ1936 ዓ.ም. አሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ የሰርከስ ድንኳን ላይ የደረሰው ነው። ሸራው ዝናብ እንዳያስገባ በቤንዚን የቀጠነ ሰም ተቀብቶ ነበር፤ በደቂቃዎች ውስጥ ነደደና ከ160 በላይ ሰዎች አለቁ። የሚያፈስ ሸራን በሰምና በነዳጅ ቀብቶ ለማዳን የሚያስብ የእድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ካለ ይህን ይስማ።

“እሳት አይነካውም” የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ማረጋገጫ መጠየቅ ነው። ከውጭ በሚመጡ ድንኳኖች ላይ ሲፒኤአይ 84፣ ኤንኤፍፒኤ 701 ወይም ቢ1 የሚል ምልክት ከተሰፋ ጨርቁ ተፈትኗል ማለት ነው። ይህም ቢሆን በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ሲቀጣጠልም አይዛመትም ለማለት እንጂ ፈጽሞ አይነድም ለማለት አይደለም። ምልክት ከሌለው ከጨርቁ ቁራጭ ይጠይቁና ደጅ ወጥተው በክብሪት ይሞክሩት። ክብሪቱ ሲነሳ እሳቱም የሚጠፋ ከሆነ ደህና ነው፤ እየነደደ ከተንጠባጠበ ዋጋ አይከራከሩ፣ ይሂዱ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ለማገዶ እሳት የሚሆን የጨርቅ ጣራ የለም። ጋዝም ሆነ ከሰል ላይ ቢሆን ከፍ ያለ ድንኳን ሊያገለግል ይችላል። የእኛ ድግስ ግን በሦስት ጉልቻ፣ በእርጥብ እንጨት፣ ሰው በሚያህል ድስት ነው የሚበስለው። የሚሻለው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው፤ ለእሳቱ ቆርቆሮ፣ ለሰዎቹ ሸራ። አራት አምስት ቆርቆሮ ተፈትቶ በሚገጠም የብረት ፍሬም ላይ በቦሎን ቢታሰር፣ አንዱ ወገን ከፍ ብሎ ጭሱን ቢያወጣ፣ ማንኛውም የመቱ በያጅ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ከእሱ ጎን ሦስት አራት ሜትር ራቅ ብሎ ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ እንጀራ የሚቀመጥበት፣ ሥጋ የሚዘለዘልበት ድንኳን ይተከላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የንጉሡን ሰፈር ሲገልጽ፣ ማድ ቤቶቹ ከንጉሡ ድንኳን በስተኋላ በቀኝና በግራ ራቅ ብለው ይተከሉ እንደነበር ጽፏል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የታወቀውን ነው እኛ ጓሮ ስናደርስ የረሳነው።

የድሮው ዳስ በዚህ ረገድ ከላስቲኩ ይሻል ነበር። ከፍ ያለ ነው፤ ጎኑ ክፍት ነው፤ ጭሱ በቅጠሉ መካከል ሾልኮ ይወጣል። ይሁንና ዝናብ አይችልም፤ ለአንድ ቀን ድግስም ስንት ለጋ ዛፍ ይቆረጥለታል። የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ለተመዘገበበት አካባቢ፣ ብረት አንድ ጊዜ ገዝቶ ሃያ ዓመት መጠቀም ሳይሻል አይቀርም።

ለሰዎቹ የሚሆነው ድንኳን ታጣፊ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰው በአምስት ደቂቃ ይዘረጋዋል፣ ባጃጅ ላይም ይጫናል። ሦስት በሦስቱ ለሦስት አራት ሠራተኛ ይበቃል፤ ለሠርግ ግን ሦስት በስድስት ያስፈልጋል። ሲመርጡ ጨርቁን ከማየት በፊት መገጣጠሚያዎቹን ይዩ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው ምሰሶው ሳይሆን ምሰሶዎቹን የሚያያይዘው ፕላስቲክ ነው። መለዋወጫው ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ አንዲት የተሰበረች ፕላስቲክ ድንኳኑን በሙሉ ቆሻሻ ታደርገዋለች፤ መለዋወጫ ፍለጋ ደግሞ ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ነው። የአሉሚኒየም ፍሬም አይዝግም፣ ይቀላል፤ የብረቱ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ ግን በአንድ ክረምት ይዝጋል። የጣራው ስፌት ከውስጥ በኩል በጥብጣብ ካልታሸገ በመርፌው ቀዳዳ ሁሉ ያንጠባጥባል።

ነፋስን ብዙ ሰው ይንቀዋል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ፣ አቧራ የሚያስነሳ ያህል ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስድስት ኪሎ ገደማ ይገፋል። በሦስት በሦስት ጣራ ላይ ከሃምሳ ኪሎ በላይ ነው፤ ድንኳኑ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከሠላሳ ኪሎ አይበልጥም። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በክረምት የኢሉባቦር ቀይ አፈር ሲርስ ደግሞ አጭር ካስማ እንደ ቅቤ ውስጥ ቢላ ይወጣል። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ አለ፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ ውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማሰር ነው። ለማብሰያውም ውኃ ይሆናል፤ ብቻ ቀድተው ሳይጨርሱ ሌላ ይተኩ። ዛፍ የሚያወዛውዝ ነፋስ ከመጣ ጀሪካኑም አይበቃም፤ ማጠፍ ነው። ከዳገቱ በኩል ቦይ መቆፈርም አይረሳ፤ ከላይ የሚመጣውን የሚከላከል ድንኳን ከታች የሚገባውን አያቆምም።

ዝናብ በነፋስ ሲገባ ጎኑን በመጋረጃ መዝጋት ይመጣል። በአንድ ወገን፣ ቢበዛ በሁለት ይዝጉ። ውስጡ ከሰል ካለ ግን ፈጽሞ አይዝጉ። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ምታት ነው እየተባለ ሰው ያጣል። ሲሊንደር የሚጠቀም ደግሞ ሲሊንደሩን ከድንኳኑ ውጭ፣ ጉድጓድ በሌለበት ያስቀምጥ፤ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያገኛል።

ለሚከራዩ አንድ ቃል። የተለመደው መታወቂያ አስይዞ፣ በአደራ ቃል ወስዶ መመለስ ነው። ስትከራዩ የተበሳውን፣ የጎደለውን ገመድና ካስማ ቆጥራችሁ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ተፈራረሙ፤ ነፋስ ቢሰብረው ማን፣ ፍንጣሪ ቢበሳው ማን እንደሚከፍል ጭምር። ባልተጻፈበት ቦታ ክርክሩ ጥፋት ያለበት ማን ነው ወደሚለው ይሄዳል። ጎረቤትን በጥፋት መክሰስ ደግሞ ከድንኳኑ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ለእድሮች የምለው አጭር ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ወንበርና ስለ ትልቁ ድንኳን ከመነጋገር በፊት፣ ጓሮ የሚያበስሉትን አባላት ራሳቸውን ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ኮሚቴው ወንድ፣ ጭሱ የሴት ነው። ግዢው ላይ ሁለት ወጥ ሠሪዎች ሄደው ከሥሩ ቆመው ቢያዩት፣ እኔ ከላይ የጻፍኩትን ግማሹን በአንድ ዓይን ይለዩታል።

ድንኳኑ ሲመለስ ደግሞ ቸኩሎ ማጠፍ አይገባም። ጥቀርሻውና ቅባቱ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና ስፌቱን ይበላዋልና አይነካም። በሐምሌ ፀሐይ ካልወጣ አዳራሽ ወይም በረንዳ ውስጥ በገመድ ተዘርግቶ ሁለት ሦስት ቀን ይሰንብት፤ ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል።