የኢግቦ ባህላዊ እምነትና የተፈጥሮ ጥበቃ

የኢግቦ ባህላዊ እምነት (ኦዲናኒ) በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የሚኖረው የኢግቦ ሕዝብ ክርስትና ከመግባቱ በፊት ይተዳደርበት የነበረ፣ ዛሬም በከፊል የሚተዳደርበት የእምነት፣ የሕግና የልማድ ሥርዓት ነው። ሕዝቡ በዋናነት በአናምብራ፣ በኢሞ፣ በኤኑጉ፣ በአቢያና በኤቦኒ ግዛቶች፣ እንዲሁም በዴልታና በሪቨርስ አንዳንድ አካባቢዎች ይኖራል፤ ቁጥሩም ከ30 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከአፍሪካ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሰፈረባቸው አንዱ በሆነው በዚህ ምድር፣ ከጥንቱ ደን የተረፉት ቁርጥራጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በአማልክት መቅደሶች ዙሪያ ነው።

አላ፦ የምድር ሕግ

ኢግቦዎች የሁሉ ፈጣሪ በሆነው በቹኩ ያምናሉ። ቹኩ ግን ሩቅ ነው፤ የዕለት ኑሮ ጉዳይ የሚታየው በቅርብ ባሉት አማልክት ዘንድ ነው። አማዲዮሃ የመብረቅ፣ አንያንዉ የፀሐይ፣ ንጆኩ ጂ ደግሞ የቦዬ (ያም) አምላክ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በሰው ሕይወት ውስጥ በየቀኑ የምትገባው አላ ናት፤ በአንዳንድ አካባቢ አኒ ትባላለች። አላ የምድር እንስት አምላክ፣ የእህል ሰጪ፣ የሙታን ተቀባይና የሥነ ምግባር ዳኛ ናት። መሬት የእርሷና የአያት ቅድመ አያቶች ስለሆነ፣ በቀድሞው ልማድ በሕይወት ያለው ትውልድ ያርሰዋል እንጂ እንዳሻው አይሸጠውም ነበር።

እርሷን የሚያስቀይም ድርጊት «ንሶ አላ» ማለትም በምድር ላይ የተሠራ ነውር ይባላል። ዝርዝሩ ሰፊ ነው፦ የሥጋ ዘመድን መግደል፣ ከዘመድ ጋር መተኛት፣ ከማሳ ቦዬ መስረቅ፣ ራስን ማጥፋት፣ እርም የሆነ እንስሳ መግደል ይገኙበታል። ጥፋቱ የአጥፊው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ምድሪቱ እስክትነጻ ድረስ መቅሠፍቱ፣ የዝናብ እጥረቱም ሆነ የሰብል መክሸፉ፣ መላውን መንደር ይነካል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል፤ ያለ ፖሊስና ያለ ደን ጠባቂ ሕጉ እንዲከበር ያደረገው ዋናው ጉልበት ይኸው ነበር።

ነውሩን የማንጻት ሥርዓት የአላ ካህን ሥራ ነው። ከባድ ሲሆን ደግሞ ከንሪ ሰው ይመጣ ነበር። በዛሬዋ አናምብራ የሚገኘው የንሪ ግዛት ኃይሉ በሠራዊት ላይ የተመሠረተ አልነበረም፤ የንሪ ሰዎች በየመንደሩ እየዞሩ ምድርን ያነጹ፣ የማዕረግ ሥርዓቶችን ይፈጽሙ ነበር። ከንሪ ብዙም ሳይርቅ ኢግቦ ኡኩ በተባለው ስፍራ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ነዋሪ በግቢው የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር የነሐስ ዕቃዎች አገኘ። አርኪዮሎጂስቱ ተርስታን ሾ በ1959 እና በ1960 እ.ኤ.አ. ቆፍሮ ያወጣቸውና ወደ 9ኛው ክፍለ ዘመን የሚጠጉት ቅርሶች የእባብ፣ የነብር፣ የዝሆን ራስና የቀንድ አውጣ ቅርጽ አላቸው፤ በአንዳንዶቹ ገጽ ላይ ዝንብና ጥንዚዛ ሳይቀሩ በረቂቅ ጥበብ ተሠርተዋል።

የእርሻ ጊዜና የዕረፍት ቀን

የኢግቦ ሳምንት አራት ቀን አለው፦ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ እና ንኩዎ። ገበያዎች የሚጠሩት በእነዚህ ቀናት ሲሆን፣ ከአራቱ አንዱ እንደየመንደሩ ልማድ ማሳ የማይነካበት ቀን ይሆናል። በብዙ አካባቢ ቦዬ ከመተከሉ በፊት የሰላም ጊዜ ይታወጃል፤ በዚያን ሰሞን ጠብና ክፉ ቃል ምድርን ያስቆጣል። ደራሲው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ልብ ወለድ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦኮንክዎ በሰላም ሳምንት ሚስቱን በመምታቱ የምድር ካህን አንዲት ፍየል፣ አንዲት ዶሮ፣ ጨርቅና መቶ ዛጎል እንዲያመጣ ይፈርድበታል። የካህኑ ስጋት የትዳሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምድሪቱ ከተቀየመች ለማንም ሰብል አትሰጥም።

አዲስ ቦዬም እንዲሁ ሥርዓት አለው። በአብዛኛው በነሐሴና በመስከረም የሚከበረው የአዲስ ቦዬ በዓል ሳይደርስና ለአማልክትና ለአባቶች ሳይቀርብ ማንም አዲሱን አይቀምስም፤ ልማዱ ያልበሰለ ሰብል ያለጊዜው እንዳይቆፈር ያግዛል። መሬቱም ተራ በተራ እየታረሰ ለዓመታት ጦም ያድር፣ ቁጥቋጦም ይበቅልበት ነበር። የሕዝቡ ብዛት ጨምሮ ማሳው ሲጠብ ይህ የዕረፍት ዘመን እያጠረ ሄዷል።

ዛፎች፣ ደኖችና ውኃዎች

የኢግቦ መንደር በዛፎቹ ይነበባል። ኦጊሪሲ የተባለው ዛፍ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል በቀላሉ ስለሚጸድቅ፣ የመቅደስ ምልክት፣ ሕያው አጥርና የድንበር ምስክር ነው፤ በወሰን ላይ የቆመውን መንቀል የመሬት ክርክር መጫር ነው። የኦፎ ዛፍ ቅርንጫፍ በቤተሰብ ታላላቆች እጅ የእውነትና የፍትሕ በትር ይሆናል፤ በልማድ የሚወሰደውም ከዛፉ ራሱ የወደቀው እንጂ የተቆረጠው አይደለም።

ኡዳራ የተባለው ጣፋጭ ፍሬ ደግሞ ከዛፉ ላይ አይቀጠፍም። የበሰለው ራሱ መሬት ላይ እስኪወድቅ ይጠበቃል፤ ልጆች ማልደው እየሮጡ ይለቅሙታል። በዚህ ልማድ ምክንያት ያልበሰለ ፍሬ አይረግፍም፣ ቅርንጫፍም አይሰበርም፤ ዛፉ በማን ግቢ ቢቆምም የወደቀው ለሁሉም ይዳረሳል።

አድባር ከሆኑ ደኖች ጎን «አጆ ኦፊያ» የሚባሉ ክፉ ደኖችም ነበሩ። በአስፈሪ በሽታ የሞቱና በወግ መቀበር ያልተፈቀደላቸው ሰዎች፣ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ እንደ ነውር ይቆጠሩ የነበሩ መንታ ሕፃናት የሚጣሉት እዚያ ነበር። ሰው ስለማይደፍራቸው መጥረቢያም አልደረሰባቸውም፤ ዛፎቹ ያረጁት በዚህ ጨካኝ ልማድ ጥላ ነው። ለአማልክት የተሰጡ «ኦሱ» የሚባሉ ሰዎችም ከነዘራቸው ከማኅበረሰቡ ይገለሉ ነበር፤ የምሥራቅ ናይጄሪያ መንግሥት በ1956 እ.ኤ.አ. ይህን ልማድ በሕግ ቢሽረውም፣ መገለሉ በጋብቻ ጉዳይ እስከ ቅርብ ጊዜ ዘልቋል።

በኢሞ ግዛት ትልቁ የተፈጥሮ ሐይቅ ኦጉታ የእንስት አምላኳ የኦግቡዬዴ (ኡሃሚሪ) መኖሪያ ነው። ቡናማው የኡራሺ ወንዝ ከጠራው ሐይቅ ጋር ሲገናኝ የሁለቱ ውኃዎች ቀለም ተለይቶ ይታያል፤ ነዋሪዎችም ወንዙን የሐይቋ ባል ይሉታል። ኦሪዬ የእርሷ ቀን ስለሆነ በዚያ ቀን ከማስገር መቆጠብ የአምልኮዋ ወግ ነው። የኦጉታ ተወላጅ ፍሎራ ንዋፓ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ኤፉሩ» የተሰኘ ልብ ወለድ ይህችን አምላክ ዋነኛ ጉዳዩ አድርጓል። በአናምብራ ባለው በአጉሉ ሐይቅ ደግሞ አዞዎች እርም በመሆናቸው አይገደሉም።

ከኩይሳ አፈር የሚሠሩት የኦዌሪ አካባቢ የምባሪ ቤቶችም የዚሁ እምነት አካል ናቸው። ለአላ ክብር ተብለው በረጅም ጊዜ ልፋት በሐውልትና በቀለም ተውበው ሲጠናቀቁ አይታደሱም፤ ዝናብ እየሸረሸራቸው ወደ ምድር እንዲመለሱ ይተዋሉ።

እርም የሆኑ እንስሳት

በአናምብራ ባለው በኢዴሚሊ አካባቢ ዘንዶ የኢዴሚሊ አምላክ መልእክተኛ ነው። ቤት ቢገባ በለሆሳስ ያወጡታል እንጂ አይመቱትም፤ ሳያውቅ የገደለ ሰው እንደ ሰው ሬሳ አስገንዞ በወግ ይቀብረዋል። አቼቤ በ1964 እ.ኤ.አ. በታተመው «አሮው ኦፍ ጎድ» ውስጥ አንድ የሚሲዮን ተማሪ ዘንዶ በሣጥን ሲቆልፍ የሚነሣውን ውዝግብ የገነባው በዚህ እምነት ላይ ነው።

ጥበቃው በተጨባጭ የሚታየው ግን በስክላተር ጦጣ ላይ ነው። ይህ ዝርያ ከደቡብ ናይጄሪያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ለመጥፋትም ተጋልጧል፤ በናይጄሪያ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ እንደሚኖርም አይታወቅም። በኢሞ ግዛት ባለችው በላግዋና በኤኑጉ ግዛት ባለችው በአክፑጎዜ ግን እርም በመሆኑ ከአዳኝ ተርፏል። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ በሁለቱ ከተሞች የተካሄዱ ተከታታይ ቆጠራዎች ቁጥሩ እየጨመረ መሆኑን ጠቁመዋል። ለነዋሪው ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። ጦጣዎቹ በቤት ጣሪያ ላይ ይዘላሉ፣ ከጓሮ ሰብልና ፍራፍሬ ይሰርቃሉ። ብዙ ገበሬዎች ያማርራሉ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ድንጋይ ወርውረው ከማባረር አልፈው እጃቸውን አያነሡባቸውም።

ለውጥና የዛሬ ሁኔታ

የአንግሊካን ሚሲዮን በ1857 እ.ኤ.አ. ኦኒቻ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ካቶሊኮች በ1885 እ.ኤ.አ. ተከተሉ። ብዙ መንደሮች ለአዲሶቹ ሰባኪዎች የሰጡት ማንም የማይፈልገውን ክፉ ደን ነበር፤ ሰባኪዎቹ ሳይሞቱ ሲቀሩ የቦታው አስፈሪነት ተሸረሸረ። የእንግሊዝ ጦርም በ1901 እና በ1902 እ.ኤ.አ. በአሮቹክዉ ላይ በዘመተ ጊዜ በባሪያ ንግድ ውስጥ እጁ የነበረበትን ኢቢኒ ኡክፓቢ የተባለውን አምላክ መቅደስ አፈረሰ። ዛሬ አብዛኛው ኢግቦ ክርስቲያን ነው። ባለፉት አሥርተ ዓመታት በተስፋፉት የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት አነሣሽነት አድባር የነበሩ ጥንታዊ ዛፎች የተቆረጡባቸውና መቅደሶች የተቃጠሉባቸው መንደሮች ጥቂት አይደሉም።

መሬቱም ራሱ ተጎድቷል። በአናምብራ በአጉሉና በናንካ ዙሪያ ልል አሸዋማ አፈር፣ ኃይለኛ ዝናብ፣ የዛፍ መመንጠርና ጎርፍ ያለ በቂ ቦይ የሚለቁ መንገዶች ተደማምረው ቤትና መንገድ የሚውጡ ጥልቅ ቦረቦሮች ፈጥረዋል። መንግሥት በዓለም ባንክ ብድር ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጀመረው ፕሮጀክት ቦረቦሮችን በኮንክሪት ቦይና በችግኝ ለማከም ሞክሯል።

የኦጉታ ሐይቅ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረጋማ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ሐይቁ ዛሬ በሁለት ሕግ ሥር ነው፤ በአንድ በኩል ናይጄሪያ የፈረመችው ስምምነት፣ በሌላ በኩል የኦሪዬን ቀን የሚያከብሩ ካህናትና አስጋሪዎች ወግ።