መሠረት የሚታመነው በምንድን ነው?

ታላቅ ሕንፃ ሲቆም ዐይናችን የሚያየው ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ ነው። ሸክሙን ሁሉ የሚችለው አፈር ግን ተሰውሮ ይቀራል። መሐንዲሶች ይህን የተሰወረ ነገር ምን ያህል ሊያምኑት እንደሚገባ ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

በካናዳ አገር፥ በዊኒፔግ ከተማ አጠገብ፥ ትራንስኮና በሚባል ስፍራ አንድ ሚሊዮን ቡሽል እህል የሚይዝ የኮንክሪት ጐተራ ተሠርቶ ነበር። ሠሪዎቹ አፈሩን ሳይፈትኑ አልቀሩም፤ በተቈፈረው ወለል ላይ ክብደት ጭነው ሸክላው ጽኑ መሆኑን አይተዋል። ነገር ግን ከጽኑው ሸክላ በታች ለስላሳ ሸክላ ነበር፤ ፈተናውም እስከዚያ አልደረሰም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. ኦክቶበር 18 ቀን፥ 875,000 ቡሽል ያህል እህል ከገባበት በኋላ፥ ሕንፃው በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰመጠ፤ በ24 ሰዓትም ውስጥ ወደ ምዕራብ 27 ዲግሪ ያህል አዘነበለ። ጥፋቱ ከአፈሩ እንጂ ከኮንክሪቱ አልነበረምና ጐተራው እንዳለ አልፈረሰም። በኋላም ከሥሩ እስከ ዓለት የሚደርሱ የኮንክሪት ዓምዶች ተሠርተውለት ቀና፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

መሬት ውስጥ ጠልቀው ለሚተከሉ የመሠረት ምሰሶዎች የቈየው ልማድ፥ ምሰሶው ይችላል ተብሎ የተገመተውን ክብደት ለሁለት ወይም ለሦስት አካፍሎ ከዚያ በላይ አለመጫን ነው። አካፋዩም የደኅንነት ቍጥር ይባላል። ነገር ግን አስተውሉ፤ አንዱ መሐንዲስ ግምቱን ከመጽሐፍ ቀመር አወጣ፥ ሁለተኛው ምሰሶውን ተክሎ ክብደት ጭኖ ለካ እንበል። ሁለቱም ለሦስት ቢያካፍሉ ቍጥራቸው አንድ ነው፤ እርግጠኝነታቸው ግን ከቶ አንድ አይደለም።

ይህን ጕድለት ለማረም በ1940ዎቹ ዓመታት አልፍሬድ ፍሮይደንታል የተባለ ሊቅ፥ ደኅንነት የመፍረስ ዕድሉ ተሰልቶ እንዲመዘን አስረዳ። በ1969 ደግሞ አሊን ኮርኔል፥ ብርታት ከሸክም የሚበልጥበትን መጠን ከጥርጣሬው ስፋት ጋራ የሚያነጻጽር መለኪያ አቀረበ። የአስተማማኝነት ስሌት የሚባለው ይህ ነው። ፍሬውም በሥራ ታየ፤ በ2014 የወጣው የአሜሪካ የድልድይ ደንብ፥ ሸክላ ውስጥ ተመትቶ ለሚገባ ምሰሶ፥ ብርታቱ ከተለመዱት ቀመሮች በአንዱ ብቻ ሲገመት 35 በመቶውን ሲቈጥርለት፥ በስፍራው ክብደት ተጭኖበት ሲፈተን ግን 75 በመቶውን ይቈጥርለታል።

እንግዲህ ለፈተና የወጣ ገንዘብ የባከነ አይደለም፤ ጥርጣሬን ይቀንሳል፥ ጥርጣሬው ሲቀንስም የምሰሶው ወጪ ይቀንሳል። ስለዚህ የሥራ ፕላን የምትመረምሩና ወጪ የምትፈቅዱ ሁሉ፥ የደኅንነት ቍጥሩ ስንት ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ በምን ታወቀ ብላችሁም ጠይቁ።