ግድግዳው ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል?

ዱባይ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት አሮጌ ሕንፃ ላይ ነበር። አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ውሃ መውጣት ጀመረ። የጥገና ሰዎች መጡ፤ ቧንቧው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሦስት ቦታ ሴራሚኩን ሰባበሩት። የሚያፈሰው አራተኛው ቦታ ላይ ተገኘ። ማዳም "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው" ብላ ከደመወዜ ግማሹን ቆረጠች። ለእናቴ የምልከው ነበር፣ እህቶቼ።

አሁን ያለሁበት አዲስ ፎቅ ነው። ባለፈው ዓመት እዚህም ውሃ አፈሰሰ። ገና ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። የመጣው የጥገና ሠራተኛ ኔፓላዊ ነው። ታብሌቱን ሲከፍት ሕንፃው ልብሱን እንዳወለቀ ሰው ሆኖ ታየኝ፤ ቧንቧው፣ የመብራት ገመዱ፣ የኤሲው መስመር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ሴራሚክ ብቻ አነሳ፣ አገኘው። "ምንድነው ይሄ?" ስለው "ቢም" አለኝ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ባቆምም መጠየቅ አልተውኩም። ማታ ማታ በስልኬ ሳነብ ነገሩ ረጅም ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት።

ቢም የሕንፃ መረጃ ሞዴል ማለት ነው። ወረቀት ፕላን ላይ በር ማለት መስመር ነው። ቢም ላይ ግን በሩ ስፋቱን፣ ከምን እንደተሠራና ማን እንዳመረተው ጭምር ይዞ ይቀመጣል። ሐሳቡን ቀድመው ካነሱት አንዱ አሜሪካዊው ቻርለስ ኢስትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ ሕንፃ ለመሥራትም ለማስተዳደርም የሚወጣው ብዙ ወጪ የሚመጣው በወረቀት ስዕል ከመመካት ነው ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው። አንዱ ግድግዳ በስንት ወረቀት ላይ ይሳላል፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይረሳል። ቤቱ ሲታደስ ደግሞ ስዕሉ እንደ ድሮው ይቀራል።

ግን ለብዙ ዓመታት ቢም የጠቀመው ነዳፊዎችንና ገንቢዎችን ነው። ሥራው ሲያልቅ ለባለቤቱ ቁልፍና በካርቶን የታጨቀ ወረቀት ይሰጡታል፣ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ኪሳራውን አስላው። መረጃው ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በደንብ ስለማይተላለፍ በዓመት 15.8 ቢሊዮን ዶላር ይባክናል ተባለ፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚወድቀው ሕንፃውን በያዙትና በሚያስተዳድሩት ላይ ነው። ይህን ሳነብ የእኔ ሦስት ሴራሚክ ትዝ አሉኝ። የእኔ ደመወዝ እዚያ ሂሳብ ውስጥ መቼም አልገባም።

መፍትሔ ካመጡት ውስጥ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ጓድ ባልደረባ የነበረው ቢል ኢስት ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ ኮቢ የሚባል አሠራር አወጣ። ተራ ሰንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል፣ እያንዳንዱ ዕቃ፣ ዋስትናው፣ መለዋወጫው ይመዘገባል። እኔ የወደድኩት መዝገቡ ሥራው ካለቀ በኋላ ከካርቶን ውስጥ የሚፈለግ ሳይሆን፣ ሥራው እየተሠራ እያለ የሚሞላ መሆኑን ነው።

ወደ ዱባይ ስንመጣ፣ ማዘጋጃ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከ2014 ጀምሮ ከ40 ፎቅ በላይ ለሆኑ ሕንፃዎች፣ ለሆስፒታሎችና ለዩኒቨርሲቲዎች ቢም ግዴታ ሆነ። በ2015 ደግሞ ወደ 20 ፎቅ ወረደ። የእኔ የድሮ ቤት ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ማንም አልመዘገበለትም።

ኔፓላዊው እንደነገረኝ፣ የጠገነ ሰው ካልመዘገበ ታብሌቱም ይዋሻል። ስለዚህ ሲጨርስ ቁጭ ብሎ ጻፈ፤ መጋጠሚያው ስለላላ መሆኑን፣ ቀኑን፣ የቀየረውን ዕቃ። "ውሃውን መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው?" አለኝ። "ማክሰኞ ጠዋት" አልኩት። ጻፈው። ማዳም ከኋላችን ቆማ ታነብ ነበር። ምንም ሳትለኝ ወጣች፤ ደመወዜም በወሩ መጨረሻ ሙሉውን መጣ።