ከጉና ሥር ያለው ምድር እንዴት ታወቀ

የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ ያረፈችበት ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። በሰሜን ምዕራብ ደጋ አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን ውፍረቱ አልፎ አልፎ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የጉና ተራራ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ዕድሜው ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ቢሆን ነው። ከሁሉም ሥር ደግሞ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው የአህጉሩ መሠረት አለ። መሰርሰሪያ የማይደርስበትን ጥልቀት የምናውቀው በርዕደ መሬት ሞገድ ነው፤ ሞገዱ በቀዝቃዛና ጠጣር ዐለት ይፈጥናል፣ በጋለው ይዘገያል።

የዚህ ምርመራ መዝገብ የሚጀምረው ከአራት ኪሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋመ። መነሻው ርዕደ መሬት አልነበረም። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ተፈላጊው የመግነጢስ ልኬት ነበር፤ የርዕደ መሬት መመዝገቢያው ተከትሎ መጣ። በ1961 የማጀቴን ከተማ ያወደመው የካራ ቆሬ ነውጥ ሲደርስ ጣቢያው ሥራ ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ የኑክሌር ሙከራዎችን ለመከታተል በዓለም ዙሪያ በዘረጋችው መረብ ውስጥ ገባ። የኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ጥናት ለጦር መሣሪያ ፍራቻ የሚከፍለው ውለታ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የጥናቱ ታሪክ የሚተረከው ከ2000 ወዲህ ካሉት ትላልቅ ዘመቻዎች ተነሥቶ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1972 ሊዮን ኖፖፍና ጆን ሽሉ በአዲስ አበባና በናይሮቢ ጣቢያዎች መካከል የሚጓዘውን የገጽ ሞገድ ለክተው፣ ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል የተባለው ክፍል ዘገምተኛ፣ ማለትም ሞገድ የሚዘገይበት፣ መሆኑን አሳይተዋል። ዋናው ፍሬ ነገር በሁለት ጣቢያዎች ብቻ ተይዟል ማለት ነው። እርግጥ ያ መንገድ በአብዛኛው ስምጥ ሸለቆውን የሚከተል ስለሆነ ስለ ጋይንት ደጋ ለመመስከር አይበቃም። በዚያው ዓመት የሐንስ በርክሄመር የጀርመን ቡድን ፈንጂ እያፈነዳ አፋርንና ደጋውን በሰው ሠራሽ ሞገድ መረመረ። የደጋው ቅርፊት ወፍራም፣ የአፋሩ ስስ መሆኑ ያኔ በቁጥር ታወቀ።

በጥር 2003 «ኢግል» የተባለው የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ዘመቻ ሺህ ያህል መሣሪያ ተከለ። አንደኛው መስመር ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ተነሥቶ ስምጥ ሸለቆውን በአዳማ አካባቢ አቋርጦ ደቡብ ምሥራቁ ደጋ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ቅርፊት ግርጌ ሞገዱ በሰከንድ 7.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚፈጥንበት ወፍራም ንጣፍ አለ፤ ከስምጡ ማዶ በደቡብ ምሥራቅ ግን የለም። ለተለመደ ቅርፊት ይህ ፍጥነት በዝቷል፤ ለተለመደ ማንትል ደግሞ አንሷል፤ እዚያ 8 ገደማ ነው የሚጠበቀው። አጥኚዎቹ ንጣፉን ወደ ላይ ሳይወጣ ቅርፊቱ ሥር ተኝቶ የቀረ ቅላጭ ዐለት ነው ይሉታል። ጋይንትን ያለበሰው ፍሳሽ ግማሽ ታሪኩ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ሌላው ሳይወጣ ቀርቷል።

ከንጣፉ በታች ያለው ማንትል ደግሞ ከሌሎች ጥንታዊ የአህጉር ክፍሎች ሥር ካለው ይለያል። በደቡብ አፍሪካ ወይም በታንዛኒያ አሮጌ መሠረት ሥር ሞገድ የሚፈጥንበት ቀዝቃዛና ጥልቅ ሥር አለ። ኢትዮጵያ ሥር ዘገምተኛው ማንትል ከ400 ኪሎ ሜትር ይልቅ ጠልቆ ይወርዳል። በ1999 የወጣ የዓለም አቀፍ ሞገድ ካርታም ከደቡብ አፍሪካ ሥር፣ ከምድር እምብርት ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚያዘነብል ግዙፍ ዘገምተኛ አካል አሳይቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን መመዝገብ አለበት። የ«ኢግል» መስመር አርብ ገበያን አልነካም። ከ2000 እስከ 2002 የፔን ስቴትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ከተከሏቸው ጣቢያዎች ለጋይንት ከሚቀርቡት አንዱ የባሕር ዳሩ ነው። ከስምጡ ወዲህና ወዲያ ለደጋው የተሰጠው የቅርፊት ውፍረት፣ ከ33 እስከ 44 ኪሎ ሜትር፣ እንዲህ ካሉ ተራርቀው ከቆሙ ጣቢያዎች የተገኘ ነው። በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሥር ይህን ያህል አለ የሚል ጽሑፍ ሲገኝ፣ በጎረቤት ልኬት ላይ ቆሞ የተናገረ መሆኑን አንባቢው ይያዝለት።