የትኛዋ ቮልስ ናት ኦሪጅናል?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያወጣቸው ያስገባቸው ቮልስዋገን ውስጥ ነበር። ሮልስ ሮይስ ይነዳላቸው ለነበሩ ንጉሥ ትንሿ መኪና የቀረበችው ለማዋረድ ነው ሲባል ኖሯል።

በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1974፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ማስታወቂያ አይቶ ያገለገለች ፎርድ ሙስታንግ በ6,000 ዶላር ገደማ ገዛ። በ1968 በወጣው «ቡሊት» ፊልም ስቲቭ ማክዊን የነዳት ናት። ተዋናዩ በ1977 ሽጡልኝ ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍም ቤተሰቡ እሺ አላለም። ጥር 2020 ለጨረታ ስትቀርብ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ለፊልም ቀረጻው የተሠራባት ለውጥ እንኳ አልተነሳም። ከነኮሚሽኑ 3.74 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። አሳምረው አድሰዋት ቢሆን ይህን ያህል የምታወጣ አይመስለኝም። ማስል ካር የሚባሉትን ባለ ትልቅ ሞተር የአሜሪካ መኪኖች የሚሰበስቡ ሰዎች ከላሜራው በላይ ለማስረጃው ነው የሚከፍሉት፦ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ።

እኛ ጋ ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። ተፍኪ ላይ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ ለሽያጭ የቆመች ቮልስ አይቼ ባለቤቷን «ጋሼ፣ ኦሪጅናል ናት?» አልኳቸው። «እንዴታ ልጄ! አምና እኮ ነው ሙሉ ቀለም ያስቀባኋት፤ ሞተሯንም ቀይሬላታለሁ» አሉኝ። አልዋሹም። ለሳቸው ኦሪጅናል ማለት ጤነኛ ማለት ነው።

ደግሞ ቮልስ ራሷ ለመቀየር የተሠራች ናት። ሞተሯ በአራት ብሎን ነው የታሰረው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚፈታ ራዲያተር የለም። ሶማሌ ተራ ሌላ ሞተር ከተገኘ መኪናዋ በማግስቱ መንገድ ላይ ናት። ጀርመን ማምረት ያቆመችው በ1978፣ ሜክሲኮ ደግሞ በ2003 ነው፤ እዚህ እስካሁን የሚያስነዳት ይሄው መቀያየር ነው። ስለዚህ የተቀየረ ሞተር በኔ ዓይን ማጭበርበር አይደለም፣ የመኪናዋ ታሪክ ነው። የሚያናድደኝ ታሪኩን መፋቅ ነው። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ይሆናል፣ ማን ምን እንደቀየረ የማያሳይ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉን እነዚሁ ያሉት ናቸው። ደላላው ግን ዋጋ የሚቆርጠው በቀለሙ ማብረቅረቅ ነው፤ ከስቱኮው ስር ያለውን ማንም አይጠይቅም። መጠየቅ ደግሞ ቀላል ነው። የኋላ ወንበሯን አንሱና የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ፤ የሞተሩ ከዲናሞው ማቆሚያ ስር ተመትቷል። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ሞተሩ ካልገጠመ ባለቤቱ መቼና ከየት እንዳመጣው ይናገር፣ ጻፉት።

የንጉሡን ታሪክ የሚተርክ ሁሉ ቮልስ መሆኗን ይነግራችኋል። የሻንሲ ቁጥሯን የጠራልኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ነገ አንዱ «ያቺ መኪና ይቻትላችሁ» ብሎ ፏ ያለች ቮልስ ቢያቆምልን በምን እናጣራለን?