የምክር ቤት ምርጫ በጎጃም፦ አብላጫ ድምፅና የደረጃ ምርጫ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ በጎጃም፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ የሚካሄደው በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው። አንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ ይልካል፤ መራጩ ከዕጩዎቹ አንዱን ብቻ ይመርጣል፤ ከተፎካካሪዎቹ በአንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ መቀመጫውን ያገኛል። አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ ሕጉ አያስገድድም። ከዚህ የሚለየው የደረጃ ምርጫ ደግሞ መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥበት ነው። በኢትዮጵያ የፓርላማ ምርጫ ተሠርቶበት አያውቅም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ግን የጎጃም ሰው ድምፅ እንዴት ወደ መቀመጫ እንደሚለወጥ ለመረዳት ይጠቅማል።

የሥርዓቱ መሠረት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 54 በየምርጫ ክልሉ ከሚወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው የምክር ቤት አባል እንደሚሆን ይደነግጋል። የአባላቱ ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ይጠብቃል። በተግባር አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች ስትከፈል 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። በ1999ኙ ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም 2,153,937፣ ምዕራብ ጎጃም 2,106,596 ሕዝብ ነበራቸው፤ የምሥራቁ ዞን ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 62,497። በዚህ ምክንያት የዞኑን መቀመጫዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው የገጠሩ መራጭ ነው።

ከእንደራሴ እስከ ተወካይ

ጎጃም ከአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ መላክ የጀመረው በቅርቡ ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አገሪቱ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ በያዙ የምርጫ ክልሎች ተከፍላ እያንዳንዱ ሁለት እንደራሴዎች ይልክ ነበር። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተካሄደ፤ ከዚያም በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ተደገመ። ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ዕጩው በስሙና በዝምድናው ይቆማል፤ በምርጫ ክልሉ ነዋሪና የንብረት ባለቤት መሆንም ግዴታው ነበር፤ ይህ ጭሰኛውን ገና ከበሩ ይመልሰዋል።

የዚያ ፓርላማ ሥልጣን የቱን ያህል እንደሆነ በጎጃም የታየው በ1960 ዓ.ም. ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በሕግ ወጥቶ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሲመጣ ገበሬው ለሹም አላስለካም አለ። አመፁ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ተቀጣጠለ፤ መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። እንደራሴዎች በተቀመጡበት አዳራሽ ያለፈ ሕግ የወደቀው በገበሬው እምቢታ ነበር። ደርግ በሰኔ 1979 ዓ.ም. ያካሄደው የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ 835 መቀመጫዎች ቢኖሩትም የሚወዳደረው አንድ ፓርቲ ብቻ ነበርና ለዚህ ርእስ ብዙ አይጨምርም።

የአብላጫ ድምፅ ውጤት

የዛሬው ሥርዓት ድምፅን ወደ መቀመጫ ሲለውጥ ያጋንናል። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ፤ በከተማዋ ለወቅቱ ገዥ ፓርቲ ለኢሕአዴግ የተሰጠው ድምፅ አንድም ሰው ምክር ቤት አላስገባም። በ2002 ዓ.ም. ሚዛኑ ተገለበጠና ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ ሁለቱን ብቻ አጡ፤ በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም ጠቀለሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ መቶ በመቶ የሆነ ውጤት በድምፅ አቆጣጠር ስልት ብቻ አይገለጽም፤ ተቃዋሚዎች ሜዳው ጠብቦብናል ሲሉ የኖሩት ስለ ቀመሩ አልነበረም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ምርጫ ገዥው ብልጽግና ፓርቲ እጅግ ሰፊውን ድርሻ ሲይዝ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ አገኙ።

ደረጃ ቢገባበት ምን ይለወጣል? ለማስረዳት ያህል በምናብ አንድ የጎጃም የምርጫ ክልል እንውሰድ። 40,000 ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ሀ 16,000፣ ለ 13,000፣ ሐ 11,000 አገኙ። በሥራ ላይ ባለው ሕግ ሀ አሸነፈ፤ 24,000 መራጭ ግን ሌላ ሰው ፈልጎ ነበር። በደረጃ ምርጫ ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ የመጨረሻው ሐ ይወጣና 11,000ዎቹ ወረቀቶች ሁለተኛ ብለው ወዳስቀመጡት ዕጩ ይሄዳሉ። ከነዚህ 8,000ው ለን፣ 3,000ው ሀን ቢሉ ለ በ21,000 ለ19,000 ያሸንፋል። ተቀራራቢ ዓላማ ይዘው በአንድ ወረዳ እርስ በርስ ድምፅ ለሚሻሙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በእውነተኛ ምርጫ የታየው የዚህ ሥርዓት ጎላ ያለ ምሳሌ አላስካ ነው። ይህ የአሜሪካ ግዛት በአገሪቱ የተወካዮች ምክር ቤት ያለው መቀመጫ አንድ ብቻ ስለሆነ ግዛቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ይሆናል። የረጅም ዘመኑ ተወካይ ዶን ያንግ ሲሞቱ በነሐሴ 2022 እ.አ.አ. የማሟያ ምርጫ ተደረገ። በመጀመሪያው ቆጠራ ዴሞክራቷ ሜሪ ፔልቶላ ከመቶ 40፣ ሪፐብሊካኗ ሳራ ፔሊን 31፣ ሌላው ሪፐብሊካን ኒክ ቤጊች 28 ያህል አገኙ። ቤጊች ሲወጡ ከመራጮቻቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ወደ ፔሊን ሄዱ፤ ከሩብ የሚበልጡት ወደ ፔልቶላ፤ ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ሁለተኛ ምርጫ አልጻፈም ነበር። ፔልቶላ በ51.5 በመቶ አሸነፉ። ሥርዓቱ እንከን የለሽ አለመሆኑም እዚያው ታየ፦ ወረቀቶቹ በኋላ ሲመረመሩ ቤጊች ከሁለቱ ሴቶች ከየትኛዋም ጋር ብቻቸውን ቢገጥሙ ያሸንፉ ነበር፤ ግን መጀመሪያ የተጣሉት እሳቸው ናቸው። በ2024 እ.አ.አ. መቀመጫውን ወሰዱ፤ በዚያው ቀን የደረጃ ምርጫን ለመሻር የቀረበው ሐሳብ ከ1,000 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ወደቀ።

ወረቀቱና ኮሮጆው

ለጎጃም ግን ዋናው ጥያቄ ከሒሳቡ ይልቅ የቆጠራው ቦታ ይመስላል። አሁን ባለው አሠራር ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ነው። አስፈጻሚዎቹ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ኮሮጆውን ከፍተው እያንዳንዱን ወረቀት እያሳዩ ይደምራሉ፤ ተፈራርመው ውጤቱን በጣቢያው በር ላይ ይለጥፋሉ። በስናን ወይም በቢቡኝ፣ በጮቄ ተዳፋት ላይ ያለ ገበሬ ቀበሌው ለማን ስንት እንደሰጠ በማግሥቱ በር ላይ ያነባል፤ ማንበብ ካልቻለ ልጁ ያነብለታል። የምርጫ ክልሉ ውጤት የነዚያ ወረቀቶች ድምር ስለሆነ ማንም ሊያመሳክረው ይችላል።

በደረጃ ምርጫ ጣቢያው ብቻውን ቆጠራውን መጨረስ አይችልም። ማን መጀመሪያ እንደሚወጣ የሚታወቀው የሁሉም ጣቢያዎች አንደኛ ምርጫ ሲደመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹ ወይም የእያንዳንዱ ወረቀት ቅጂ ወደ አንድ ማዕከል መጓዝ አለባቸው። ምርጫው እንደ 2013ቱ በሰኔ ከዋለ፣ ክረምቱ ገብቶ የገጠሩ መንገድ በጭቃ ሲያዝ፣ የተቆጠረ ኮሮጆን ከደጋ ወደ ከተማ ማጓጓዝ ለጥርጣሬ በር ይከፍታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ የአማራ ክልል የቆየበት ግጭት ሲታሰብ ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሌላው ወረቀቱ ራሱ ነው። የኢትዮጵያ ድምፅ መስጫ ወረቀት የፓርቲውን የምርጫ ምልክት ይዞ የሚወጣው ፊደል ላልቆጠረ መራጭ ታስቦ ነው፤ የቀድሞውን የኢሕአዴግ ንብ ለመለየት ማንበብ አያሻም ነበር፣ የኢዜማን ሚዛን ለመለየትም አያሻም፣ ምልክቱ አጠገብ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ይበቃል። ደረጃ ማስያዝ ቁጥር መጻፍ ወይም በየረድፉ ሣጥን መምረጥ ይጠይቃል። ይህ ግን መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ተራራማዋና በጎሣ የተከፋፈለችው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ከ2007 እ.አ.አ. አጠቃላይ ምርጫ ጀምሮ መራጩ ሦስት ዕጩዎችን ብቻ በደረጃ የሚያስቀምጥበትን ሥርዓት ትጠቀማለች።

አማርኛ ተናጋሪ መራጮች ይህን ሥርዓት የሚያገኙት በውጭ አገር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሚኒያፖሊስ ከ2009 እ.አ.አ. ጀምሮ ከንቲባዋን በደረጃ ትመርጣለች፤ የዋሽንግተን ዲሲ መራጮችም በኅዳር 2024 እ.አ.አ. ኢኒሼቲቭ 83 በተባለው ሕዝበ ውሳኔ ሥርዓቱን አጽድቀዋል።

በአገር ቤት የምርጫ ሥርዓት ለውጥ ሲነሣ የሚጠቀሰው የደረጃ ምርጫ ሳይሆን ተመጣጣኝ ውክልና ነው። ኢሕአዴግና ተቃዋሚ ፓርቲዎች በ2010 ዓ.ም. ባደረጉት ድርድር አብላጫንና ተመጣጣኝን ያጣመረ ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተስማምተው ነበር፤ የ2013ቱ ምርጫ ግን በቀድሞው ሥርዓት ተካሄደ። አንቀጽ 54ን ለመለወጥ የሁለቱ ፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና ከክልል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛው ስምምነት ያስፈልጋል።